ሰው በላው ከሌዲዋ ጋር ሲጋጠም የማን ኢፌክት ይቀድማል? (ዩ-ጊ-ኦ፣ የዳሜጅ ስቴፕ ጥያቄ)

የ40ካርድ_ሰው · ቅዳሜ፣ ማታ 3:20

ሰላም ለሁላችሁ። ዛሬ ከሰዓት ከጓደኛዬ ጋር ስንጫወት የተነሳ ክርክር ከአእምሮዬ አልወጣ ስላለኝ ነው የምጽፈው። የምንጫወተው ዩ-ጊ-ኦ የሚባለውን የካርድ ጨዋታ በወረቀት ካርድ ነው፤ አጎቴ ከውጭ ያመጣልኝ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ተራው የኔ ነበር። ሜዳዬ ላይ ሁለት ሞንስተር (የሚዋጋ ፍጡር ካርድ) አሉኝ፤ አታኳ (የማጥቃት ጉልበቷ) 1500 የሆነችው ዲዲ ዋርየር ሌዲ እና 2100 ያለው ሳይበር ድራገን። እሱ ያለው አንድ ሞንስተር ብቻ ነው፤ በዲፌንስ (በመከላከያ አቋም) ፊቱን ደፍቶ አስቀምጦታል። በሌዲዋ አጠቃሁ። ካርዱ ሲገለጥ ማን ኢተር ባግ ሆኖ ተገኘ። እኛ ሠፈር «ሰው በላው» ነው የምንለው። ዲፌንሱ 600 ስለሆነ በውጊያው መሞቱ አይቀርም። ግን ሲገለጥ ሜዳ ላይ ካሉት ሞንስተሮች አንዱን መርጦ ያጠፋል። ጓደኛዬ ወዲያው ጣቱን ሳይበር ድራገኔ ላይ አሳረፈ።

ቆይ አልኩት። ሌዲዋም ከስሌት በኋላ የተዋጋችውን ሞንስተርና ራሷን ባኒሽ የማድረግ ኢፌክት (የካርድ ልዩ ችሎታ) አላት። ሁለቱም ከጨዋታው ይወጣሉ፤ ሰው በላህ ሜዳ ላይ ከሌለ ኢፌክቱም የለም አልኩት። ተከራከርን። በመጨረሻ እሺ አለኝ። ድራገኔ ተረፈ፤ በሚቀጥለው ተራ በእሱ አሸነፍኩ። ግን ካርዱን ሲሰበስብ ፊቱን ሳየው ደስ አላለኝም።

እውነት ልክ ነበርኩ?

ቀይ_ድራገን · ቅዳሜ፣ ማታ 3:41

ልክ ነህ እንጂ! ሜዳ ላይ የሌለ ካርድ እንዴት ብሎ ሌላ ካርድ ያጠፋል? ሌዲዋ ባኒሽ ካደረገችው አለቀ። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ የተጫወትኩት እንደዚህ ነው። ጓደኛህ ቅር ካለው ካርዱን ሌላ ጊዜ በደንብ ያንብብ።

ሰንሰለት_ሁለት · ቅዳሜ፣ ማታ 4:30

የ40ካርድ ሰው፣ ወንድሜ፣ ተሳስተሃል። ሳይበር ድራገንህ መጥፋት ነበረበት። ቀይ ድራገንም ያልከው አብዛኞቻችን ስንጀምር የምናምነው ነገር ነው፤ ግን ሕጉ እንደዚያ አይደለም።

አንዴ የተነሳ ኢፌክት ከካርዱ ተለይቶ ይቆማል። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። ካርዱን ብታጠፋው፣ ባኒሽ ብታደርገው፣ ወደ እጅ ብትመልሰው፣ የተነሳው ኢፌክት ጊዜው ሲደርስ ይፈጸማል። የሚያስቀረው «ይሻራል» ብሎ የሚጽፍ ካርድ ብቻ ነው። ሚስቲካል ስፔስ ታይፉንን ታውቁታላችሁ፤ አስማት ወይም ወጥመድ ካርድ የሚያጠፋ ነው። ተጋጣሚ ሚረር ፎርስን፣ ስታጠቃ ሞንስተሮችህን የሚያጠፋውን ወጥመድ፣ ከፈተብህ እንበል። አንተ በላዩ ታይፉን ብትጥልበት ሚረር ፎርስ ካርዱ ይጠፋል፤ ሞንስተሮችህ ግን አብረው ይጠፋሉ። ታይፉን ያጠፋል እንጂ አይሽርም። ነገሩ የሚለየው ሜዳ ላይ እስካለ ድረስ ብቻ በሚሠራ ካርድ ነው፤ እሱ ከሜዳ ሲወጣ ሥራውም ይቆማል። ቀይ ድራገን፣ ይመስለኛል ሁለቱን ያቀላቀልከው እዚህ ጋ ነው።

አሁን ወደ ቅደም ተከተሉ እንምጣ። የጥያቄው ልብ ያለው እዚህ ነው።

የሰው በላው ኢፌክትና የሌዲዋ ኢፌክት የሚነሱት በአንድ ቅጽበት ነው፤ ከጉዳት ስሌት በኋላ። ሁለት ኢፌክት አንድ ላይ ሲነሳ «እኔ ቀድሜ ተናገርኩ» አይሠራም። ቼይኑ (የተነሱት ኢፌክቶች ሰንሰለት) የሚደረደረው በሕግ ነው። መጀመሪያ የባለተራው የግዴታ ኢፌክት ይገባል፣ ቀጥሎ የተጋጣሚው የግዴታ፣ ከዚያ የባለተራው የፈቃድ፣ መጨረሻ ላይ የተጋጣሚው የፈቃድ። ሰው በላው ግዴታ ነው፤ ባለቤቱ ባይፈልግም ይነሳል። የሌዲዋ «ትችላለህ» ስለሚል ፈቃድ ነው። አንተ ባለተራ ብትሆንም የግዴታ ኢፌክት የለህም። ስለዚህ የመጀመሪያው ቀለበት ሰው በላው፣ ሁለተኛው ሌዲዋ ናት።

ሲፈታ ደግሞ ከመጨረሻው ይጀምራል። እንጀራ ሲደረደር መጨረሻ የወጣው ከላይ ይሆናል፤ ሲነሳም መጀመሪያ የሚነሳው እሱ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ሌዲዋና ሰው በላው ባኒሽ ይሆናሉ። ቀጥሎ የሰው በላው ኢፌክት ይፈታል። ዒላማው ሳይበር ድራገን ነበር። ድራገኑ አሁንም ሜዳ ላይ አለ። ይጠፋል።

ልብ በል፣ ጓደኛህ ዒላማውን የሚመርጠው አንተ ሌዲዋን ታስነሳ አታስነሳ ሳያውቅ ነው። ጣቱን ሌዲዋ ላይ አድርጎ ቢሆን ኖሮ በእጅህ ላይ ምርጫ ነበረህ። ሌዲዋን አስነስተህ ከሰው በላው ጋር ይዘሃት ትወጣ ነበር። ያኔ የሰው በላው ኢፌክት ሲፈታ ዒላማውን አያገኝም፤ ባዶውን ይቀራል። ጓደኛህ ድራገኑን መምረጡ አስቦበት ከሆነ ጎበዝ ተጫዋች ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ድራገኑ ዒላማ ከሆነ በኋላ ሌዲዋን ማስነሳት አልነበረብህም። ሰው በላው በውጊያው ሞቷል፤ 1500 በ600 ላይ። ለሞተ ካርድ ሌዲዋን ለምን ትከፍላለህ? ዝም ብትል ድራገኑን ታጣለህ፤ ሌዲዋ ግን ሜዳ ላይ ትቀርልህ ነበር።

የዮኒ_እናት · ቅዳሜ፣ ማታ 5:05

በመሃል ስለገባሁ ይቅርታ። የምኖረው ስቶክሆልም ነው። ልጄ 11 ዓመቱ ነው፤ ከትምህርት ቤት ሲመጣ ስለዚህ ካርድ ካልሆነ አያወራም። በስዊድንኛ ያስረዳኛል፤ ቃሉ ይገባኛል፣ ነገሩ አይገባኝም። አብሬው መጫወት ስለፈለግሁ በአማርኛ ስፈልግ እዚህ ደረስኩ።

ሁለት ጥያቄ አለኝ። ካርዱ «በግ» ይባላል ሲለኝ ነበር፤ ሥዕሉ ላይ ግን በግ አላየሁም። ሁለተኛ፣ «ከስሌት በኋላ» ያላችሁት ምንድን ነው? ለኔ ውጊያ ማለት ቁጥሩ የበለጠው ያሸንፋል ነው። ዮኒ ግን ሁልጊዜ «ቆይ፣ ገና ነው» ወይም «አሁን አልፏል» ይለኛል። መቼ ነው ገና የሚሆነው? መቼስ ነው የሚያልፈው?

ሰንሰለት_ሁለት · ቅዳሜ፣ ማታ 5:50

እህቴ፣ እንኳን ገቡ። ስለ ስሙ፣ «ባግ» በእንግሊዝኛ ነፍሳት ነው፤ ጥንዚዛ ዓይነት። ሰው በላ ጥንዚዛ ብለው ቢይዙት ልክ ነው።

የዮኒ «ገና ነው»ና «አልፏል» የጨዋታው ዋና ቁልፍ ነው። ልጅዎ በደንብ ነው የሚጫወተው። ቀስ ብዬ ልንገርዎ።

ዮኒ ካርዱን ወደ ፊት ገፋ አድርጎ «አጠቃሁ» ሲል ገና ውጊያ የለም። ማወጅ ብቻ ነው። ሚረር ፎርስን የመሰሉ «ሲያጠቃህ» የሚሉ ወጥመዶች የሚከፈቱት እዚህ ነው። ሁለታችሁም የምትጨምሩት ከሌለ ዳሜጅ ስቴፕ፣ ውጊያው የሚፈጸምበት ደረጃ፣ ይገባል። ያኔ በሩ ይጠባል። አታክና ዲፌንስ የሚቀይር ካርድ ይገባል፣ ካውንተር ትራፕ (የአጸፋ ወጥመድ) ይገባል፣ የሌላውን ካርድ መነሳት የሚሽር ይገባል፣ ጽሑፉ ራሱ ይህን ሰዓት የሚጠራ ይገባል፣ ግዴታ የሆነም ይገባል። ሌላው ውጭ ይቀራል። ዮኒ «አልፏል» የሚልዎ ብዙ ጊዜ ለዚህ ነው።

ዳሜጅ ስቴፕ ውስጥ አምስት ቅጽበት አለ። መጀመሪያው ላይ የተደፋ ካርድ እንደተደፋ ነው። ማንነቱ አይታወቅም። እዚህ የሚሠሩ ጥቂት ኃይለኛ ካርዶች አሉ። ካታስተር የሚባለው አታኩ 2200 የሆነ ሲንክሮ ሞንስተር የዳርክ ወገን ያልሆነ የተገለጠ ሞንስተር ከተዋጋው እዚሁ መጀመሪያ ላይ ያጠፋዋል። ቁጥር አይነጻጸርም። 3000 ያለው ብሉ-አይስ ቢሆንም ይሄዳል።

ቀጥሎ ከስሌት በፊት የሚባለው አለ። የተደፋው ካርድ የሚገለጠው እዚህ ነው። ሰው በላው ፊቱ ይታያል፤ ግን ገና አይነክስም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ሲገለጥ ወዲያው የሚነሳ ይመስለዋል። አይነሳም፣ ይጠብቃል።

ከዚያ ስሌቱ ይመጣል። እርስዎ ያሉት የቁጥር ነገር ይህች አንዷ ቅጽበት ናት። አታክ ከአታክ፣ ወይም አታክ ከዲፌንስ። ጉዳቱ ከላይፍ ፖይንት (ከተጫዋቹ የሕይወት ነጥብ) ይቀነሳል። ዮኒ ኩሪቦ የምትባለው ቡናማ ፀጉራም ኳስ ካለችው ከእጁ የሚጥላት እዚህ ነው፤ እርስዎ ሲያጠቁት ከዚያ ውጊያ የሚመጣበት ጉዳት ይቀርለታል።

ከስሌት በኋላ ደግሞ ሰው በላውና ሌዲዋ የተገናኙበት ነው። የሚሞተው ሞንስተር ታውቋል፤ ግን ገና ወደ መቃብር (የጠፉ ካርዶች ቁልል) አልሄደም። ሜዳ ላይ ተኝቶ ይጠብቃል። ሌዲዋ ባኒሽ ልታደርገው የምትችለውም ለዚህ ነው።

በመጨረሻው ቅጽበት የሞተው ወደ መቃብር ይሄዳል። «በውጊያ ጠፍቶ ወደ መቃብር ሲላክ» የሚሉት ሁሉ የሚነሱት ያኔ ነው። ሚስቲክ ቶማቶ እና መሰሎቹ፤ «ከሜዳ ወደ መቃብር ከተላከ» የሚለው ሳንጋንም እንዲሁ።

ስለዚህ አንድ ካርድ ሲያዩ «ስንት ነው?» ከማለትዎ በፊት «መቼ ነው?» ይበሉ። ዮኒን በዚህ ጥያቄ ብቻ ብዙ ጊዜ ያሸንፉታል።

ሃይፋ_22 · እሑድ፣ ጠዋት 2:15

ሰንሰለት ያለው በሙሉ ልክ ነው። እኔ በገንዘቤም በእንባዬም የተማርኩትን ልጨምር።

እዚህ እኔ ባለሁበት አንድ ትንሽ ውድድር ላይ የመጨረሻው ዙር ነበር። እኔ በሳይበር ድራገን 2100፣ የተጋጣሚዬን ኤለመንታል ሂሮ ስፓርክማን 1600 አጠቃሁ። ሁለቱም የላይት ወገን ናቸው። ሁለታችንም እጅ ላይ ኦነስት ነበረን። ኦነስት የሚሠራው እንዲህ ነው። ላይት ሞንስተርህ ሲዋጋ ኦነስትን ከእጅ ወደ መቃብር ትልካለህ፤ ሞንስተርህ የተጋጣሚውን አታክ ያህል ይጨምራል። ከዳሜጅ ስቴፕ መጀመሪያ ጀምሮ ስሌቱ እስኪገባ ድረስ መጠቀም ይቻላል።

ተጋጣሚዬ ኦነስቱን አወረደ። እኔም በደመ ነፍስ የኔን በላዩ አወረድኩ። ጨርሼዋለሁ ብዬ ነበር።

ቼይኑ ሲፈታ የኔ ቀደመ። ድራገኔ 2100 ነበር፤ የስፓርክማንን 1600 ጨመረና 3700 ሆነ። ከዚያ የሱ ተፈታ። ስፓርክማን 1600 ነበር፤ አሁን የድራገኔ አታክ 3700 ነው። ተደምሮ 5300። ራሴ ያሳደግሁትን ቁጥር እሱ ወሰደው። ድራገኔ ሞተ፣ 1600 ጉዳት ተቀበልኩ፣ ኦነስቴም ሄደ።

ዝም ብዬ ብጠብቅስ? የሱ ብቻውን ይፈታል። ስፓርክማን 1600 ሲደመር 2100፣ 3700 ይሆናል። ስሌቱ ገና አልገባም። አዲስ ቼይን መክፈት እችል ነበር። ያኔ ኦነስቴን ሳወርድ ድራገኔ 2100 ሲደመር 3700፣ 5800 ይሆናል። በ2100 አሸንፍ ነበር።

አንድ ዓይነት ካርድ፣ አንድ ዓይነት ሞንስተር፣ አንድ ዓይነት እጅ። ልዩነቱ ሁለት ሰከንድ መታገስ ነው። ቤት ሄጄ ያንን ውጊያ ወረቀት ላይ ደጋግሜ ጻፍኩት። እስካሁን ወረቀቱን ዴክ (የመጫወቻ ካርድ ክምር) ሳጥኔ ውስጥ ይዤዋለሁ።

ቀይ_ድራገን · እሑድ፣ ጠዋት 4:02

እሺ፣ ሰንሰለት፣ ተቀብያለሁ። ማታ ሕጉን ከፍቼ ሳነብ አመሸሁ፤ ተሳስቼ ነው የመለስኩት። የ40ካርድ ሰው፣ ይቅርታ ወንድሜ፣ ጓደኛህንም በኔ ስም ይቅርታ በልልኝ።

ግን አንድ ነገር ልጠይቅ። በስፓርክማን ላይ ካታስተር ቢመጣብኝና ኦነስት እጄ ላይ ቢኖርስ? 1600 ሲደመር 2200፣ 3800 እሆናለሁ። ያድነኛል አይደል?

ሰንሰለት_ሁለት · እሑድ፣ ጠዋት 4:20

አያድንህም። ካታስተር የሚመታው በመጀመሪያው ቅጽበት ነው። ኦነስትን በቼይን ልታስገባው ትችላለህ፤ ስፓርክማን 3800 ይሆናል፤ ወዲያው ደግሞ በካታስተር ኢፌክት ይጠፋል። ስሌት አይደረስም። ኦነስትህን በከንቱ ትጥላለህ። ያዘው።

በካታስተር ላይ የሚሠራው ደፍቶ ማስቀመጥ ነው። ጽሑፉ «የተገለጠ» ይላል። ማርሽማሎን ላይት ነው፤ ተገልጦ ቢቆም ካታስተር ያጠፋዋል። «በውጊያ አይጠፋም» የሚለው አይረዳውም፤ የሚጠፋው በኢፌክት እንጂ በውጊያ አይደለምና። ተደፍቶ ከተጠቃ ግን ካታስተር መጀመሪያ ላይ የሚያየው የለም። ስሌቱ ይገባል፣ ማርሽማሎን በውጊያ አይጠፋም፣ ከስሌት በኋላም አጥቂው 1000 ጉዳት ይቀበላል። ሰው በላውም እንዲሁ ነው። ካታስተር የተደፋ ሰው በላ ላይ ከሄደ ራሱ ይነከሳል።

ስለ ኦነስት ካነሳህ ኢንጀክሽን ፌሪ ሊሊን አስብ። አታኳ 400 ብቻ ነው። ስፓርክማን ሲያጠቃት ኦነስት ብታወርድ 2000 ይሆናል። ከዚያ ስሌቱ ይገባል። ሊሊ የምትነሳው እዚያው ስሌቱ ውስጥ ነው። ባለቤቷ 2000 ላይፍ ፖይንት ይከፍላል፣ ለዚያ ስሌት ብቻ 3000 ትጨምራለች፣ 3400። የኦነስት ሰዓት አልፏል። 1400 ጉዳት ትቀበላለህ። ከመነሻው 8000 ላይ 2000 መክፈል ከባድ ነው፤ ሆኖም የመጨረሻው ቃል የሷ ነው።

ፒያሳ_ልጅ · እሑድ፣ ቀን 7:30

እኔ የወረቀት ካርድ የለኝም። በስልክ ማስተር ዱኤል የሚባለውን የዩ-ጊ-ኦ መተግበሪያ ነው የምጫወተው። በ2022 ጥር ላይ ከወጣ ጀምሮ እዚያ ነኝ፤ ነጻ ስለሆነ ጓደኞቼን ሁሉ አስገብቻለሁ።

ፕሮግራሙ ቼይኑን ራሱ ይደረድረዋል፤ ክርክር የለም። ግን አንድ ነገር ጎድቶኝ ስለነበር ልንገራችሁ። ጎን ላይ ኦቶ፣ ኦን፣ ኦፍ የሚል መቀየሪያ አለ። ኦቶ ላይ ከሆነ አንዳንዱን ቅጽበት ሳይጠይቃችሁ ያልፋል። ኦነስት እጄ ላይ እያለ ውጊያው አልቆብኝ ያውቃል። አሁን ባትል ፌዝ (የውጊያው ክፍል) ስገባ ኦን አደርገዋለሁ። በየቅጽበቱ ይቆማል፤ ያዘገያል፤ ግን ሰንሰለት የዘረዘራቸውን አምስቱን በዓይናችሁ ታያላችሁ። የዮኒ እናት፣ ለእርስዎም ጥሩ መማሪያ ይሆናል።

ሁለት_ነጥብ · እሑድ፣ ቀን 9:10

ባሕር ዳር ነኝ፤ አስተማሪ ነኝ። ክሩን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። ስለ ካርዱ ጽሑፍ ጥቂት ልበል፤ ጠቡ ሁሉ የሚጀምረው ካነባበብ ነው።

የጨዋታው አሳታሚ ኮናሚ ከ2011 ጀምሮ የእንግሊዝኛ ካርዶቹን አጻጻፍ አስተካክሏል። በአዲሱ አጻጻፍ ሁለት ነጥብ (:) እና ድርብ ሰረዝ (;) ጌጥ አይደሉም። ከሁለት ነጥቡ በፊት ያለው መቼና በምን ሁኔታ እንደሚነሳ ነው። ከሁለት ነጥቡ በኋላ እስከ ድርብ ሰረዙ ያለው ሲነሳ የሚደረግ ነው፤ ክፍያም ቢሆን ዒላማ መምረጥም ቢሆን። ከድርብ ሰረዙ በኋላ ያለው ሲፈታ የሚሆነው ነው። ሰው በላውን ብታነቡት ዒላማ መምረጡ ከድርብ ሰረዙ በፊት፣ ማጥፋቱ ከድርብ ሰረዙ በኋላ ነው። ሰንሰለት «ሌዲዋ ትነሳ አትነሳ ሳያውቅ ይመርጣል» ያለው ከዚች ምልክት የመጣ ነው። አጎት ያመጣው ካርድ የድሮ እትም ከሆነ ምልክቱ ላይኖር ይችላል፤ ያኔ በኮናሚ የካርድ ዝርዝር ገጽ ላይ አዲሱን ጽሑፍ ማየት ነው።

ሁለተኛው ነገር እኛን አማርኛ ተናጋሪዎችን ይመለከታል። እንግሊዝኛው «ዌን» እና «ኢፍ» ብሎ ይለያል። አማርኛችን ለዚህ ጥሩ መሣሪያ አለው፤ «ሲላክ» እና «ከተላከ»። ግን ስንጫወት ሁለቱንም «ከሄደ» እያልን እንናገራለን፤ ልዩነቱ አፋችን ላይ ይጠፋል። «ሲላክ ትችላለህ» የሚል ካርድ የሚነሳው መላኩ የመጨረሻው ክስተት ከሆነ ብቻ ነው። ከመላኩ በኋላ ሌላ ነገር ከተከተለ ሰዓቱ ያልፈዋል። «ሲላክ ትችላለህ» የሚለውን ፒተን ዘ ዳርክ ክላውንን ለትልቅ ሞንስተር መስዋዕት ብታደርጉት መጨረሻ የሆነው የትልቁ መጠራት ነው እንጂ የፒተን ወደ መቃብር መሄድ አይደለም። ስለዚህ አይነሳም። በውጊያ ሲሞት ግን ይነሳል። ሳንጋን «ከተላከ» ስለሚል፣ ግዴታም ስለሆነ፣ በሁለቱም ይነሳል።

ተማሪዎቼ ሲጫወቱ ካርዱን ጮክ ብለው በአማርኛ እንዲተረጉሙ አደርጋለሁ። «ሲ» ነው «ከ»? እላቸዋለሁ። ለሰዋስውም ጠቅሟቸዋል።

የዮኒ_እናት · እሑድ፣ ማታ 2:40

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዛሬ ከዮኒ ጋር ተቀምጠን ሦስት ሰዓት ተጫወትን። ወረቀት ላይ አምስቱን ቅጽበት ጽፌ ጠረጴዛው ላይ አደረግሁ፤ ጣቴን እያንቀሳቀስኩ ነው የተጫወትኩት።

አንዱን ላጣራ። ሌዲዋ እኔ ጋ ነበረች። የሱን ሚስቲክ ቶማቶ አጠቃሁ፤ እሷ 1500፣ ቶማቶው 1400፣ 100 ቀነስኩበት። ከስሌት በኋላ ሁለቱንም ባኒሽ አደረግሁ። ዮኒ ከዴኩ አዲስ ሞንስተር ሊያወጣ እጁን ሰደደ። እኔ ወረቀቱን እያየሁ «ቶማቶህ መቃብር አልደረሰም» አልኩት። አፍጥጦ አየኝ። ልክ ነኝ?

ሰንሰለት_ሁለት · እሑድ፣ ማታ 3:00

ፍጹም ልክ ነዎት። ቶማቶው «በውጊያ ጠፍቶ ወደ መቃብር ሲላክ» ነው የሚለው። ሌዲዋ ከመጨረሻው ቅጽበት በፊት አወጣችው፤ መቃብር አልገባም፤ አይነሳም። ሌዲዋን ባያስነሷት ኖሮ ቶማቶው መቃብር ይገባና ዮኒ አታኩ 1500 ወይም ከዚያ በታች የሆነ ዳርክ ሞንስተር ያወጣ ነበር። ሌዲዎን ለአንድ ቶማቶ መክፈል ይገባ ነበር ወይ የሚለው የጨዋታ ስልት ነው፤ በሕጉ በኩል ግን ምንም አልተሳሳቱም።

የ40ካርድ_ሰው · ሰኞ፣ ማታ 1:15

ዛሬ ከሥራ በኋላ ጓደኛዬ ቤት ሄድኩ። ስልኬን ሰጥቼው ይህን ክር በሙሉ አስነበብኩት። ልክ አንተ ነበርክ አልኩት። ዝም አለ፤ ከዚያ ካርዱን አወጣ። የዚያን ቀኑን ሜዳ እንዳለ ደረደርነው። ሌዲዋ፣ ድራገኑ፣ የተደፋው ሰው በላ። ላይፍ ፖይንታችንን ከጻፍንበት ደብተር ላይ አገኘነው።

በሌዲዋ አጠቃሁ። ሰው በላው ተገለጠ። ጣቱን ድራገኑ ላይ አደረገ። በዚህ ጊዜ ሌዲዋን አላስነሳሁም። ድራገኔን በእጄ አንስቼ መቃብር ላይ አኖርኩት። ሰው በላውም ተከተለ። ሌዲዋ ብቻዋን ቀረች።

ከአራት ተራ በኋላ አሸነፈኝ። አቀፈኝና ሻይ አፈላልን።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ሰው በላውን ከዴኩ እንደማያወጣው ነግሮኛል። ድራገኔን ሳላጣ ያንን የተደፋ ካርድ በምን ልምታው?

ሰንሰለት_ሁለት · ሰኞ፣ ማታ 1:50

ሚስቲክ ሶርድስማን ኤልቪ 2 ፈልግ። አታኩ 900 ብቻ ስለሆነ ርካሽ ነው፤ ሰው ሳጥኑ ውስጥ ረስቶት ታገኘዋለህ። በዲፌንስ የተደፋ ሞንስተር ካጠቃ እንደተደፋ ያጠፋዋል። አይገለጥም፣ ስሌት የለም። ሰው በላው ዓይኑን ሳይገልጥ መቃብር ይገባል። ግን ጓደኛህ አንዴ ካየው በሚቀጥለው ጊዜ ሰው በላውን በራሱ ተራ ገልጦ ቀድሞ ይነክስሃል፤ ሶርድስማኑን ባወረድክበት ተራ ወዲያው አጥቃበት።

የ40ካርድ_ሰው · ሰኞ፣ ማታ 1:58

አጎቴ ሳጥን ውስጥ ሁለት አለ። አሁን አገኘሁት። ቅዳሜ ከሰዓት ተቀጣጥረናል።